የ2017 ምስጋናዬ

ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ጳጉሜን ስትገባ ያለፈውን ዓመት ቁጭ ብዬ አስባለሁ። በእኛ ሥራ ሪፖርት የማይጻፍበት ወር የለም። ግን ሪፖርት ለጠየቀን ሰው የምንሰጠው መልስ ነው። ስንት ሰው ተረዳ፣ ስንት ብር ወጣ፣ ቅጹን ሞልተን እናስገባለን። በእነዚህ አምስት ቀናት ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ስለዚህ ራሴን እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ጥያቄ ይህ ሥራ ዓመቱን በማን ትከሻ ከረመ የሚል ነው።

የምመራው ድርጅት ትንሽ ነው። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶችን ቤት ለቤት እንደግፋለን። ምግብ እናደርሳለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ጤና ጣቢያ እንወስዳለን፣ የልጆቹን ትምህርት እንከታተላለን። ከበጀታችን ሰፊው ክፍል የሚመጣው በአንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት በኩል ነበር። የገንዘቡ ምንጭ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ነበር።

በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። ብዙም ሳይቆይ «ሥራ አቁሙ» የሚለው ደብዳቤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተላለፈ እኛ ዘንድ ደረሰ። ጉዳዩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በአገራችን በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንደሚቋረጥ የሰማነው በዚያው ሰሞን ነው። ሰኔ 24 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ ድርጅት የሆነው ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሥራውን አበቃ።

ደብዳቤው በመጣ ሰሞን በጎ ፈቃደኞቻችንን ሰበሰብናቸው። አብዛኞቹ የሰፈሩ እናቶች ናቸው። ለታክሲ የምንሰጣቸው ብር ከዚህ በኋላ እንደማይኖር፣ የሳሙናና የዳይፐር ግዢም እንደቆመ በግልጽ ነገርናቸው። የሚቀር ሰው ቢኖር ቅር እንደማንሰኝም ተናገርን። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ደብዳቤው የመጣው ለእናንተ ነው። ለእኔ የመጣ ደብዳቤ የለም» አሉ። ከዚያ ተራቸው ስለነበር ተነሥተው ሄዱ። የሚንከባከቧቸው አዛውንት የአልጋ ቁራኛ ናቸው። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ጀርባቸው ይቆስላል። ይህን ሰዓት ያወጣው የሰው ገላ ነው፤ ዋሽንግተን ምን ተወሰነ ብሎ አይጠብቅም።

ስለ አመራር ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ። የዚያን ዕለት ያየሁት ግን ከሥልጠናው ሁሉ ይበልጥብኛል። እኚያ እናት የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። ንግግርም አላደረጉም። ሌሎቹ እሳቸውን አይተው አንድ በአንድ ተነሡ። የስብሰባው አጀንዳ ሳያልቅ ስብሰባው አለቀ።

የቢሮ ኪራይ መክፈል ባቃተን ጊዜ ደግሞ የሰፈሩ እድር ድንኳንና ወንበር የሚያስቀምጥበትን ክፍል አጽድቶ ሰጠን። እድር የሚያስበው ስለ ቀብር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኤችአይቪ ቤት በሚዘጋበት በዚያ ክፉ ዘመን ግን የታመሙትንና ወላጅ ያጡትን ልጆች ለመደገፍ የተነሡ የአዲስ አበባ እድሮች ነበሩ። ምክንያቱም ከቀብር መልስ ያንን ቤት ገብተው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ማን ብቻውን እንደቀረ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ያውቃሉ። የእኛም የቤት ለቤት እንክብካቤ ከዚያ ትውልድ የተቀዳ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛችንም አለ። ውሉ ካበቃ በኋላ ለኦዲት የሚቀርበው ሰነድ እስኪዘጋ ድረስ ይመጣ ነበር። ፕሮጀክት ሲዘጋ ደረሰኝ ይሟላል፣ ቀሪ ገንዘብ ይመለሳል፣ የንብረት ዝርዝር ይረከባል። ይህ ካልተደረገ ድርጅቱ ነገ ማንንም ገንዘብ መጠየቅ አይችልም። ፎቶ የማይነሣ ሥራ ነው። ደብዳቤውን የላከችልን የፕሮጀክት ኃላፊም ከደብዳቤው በፊት ራሷ ደውላ ነግራናለች። ብዙም ሳይቆይ እሷም ከሥራ ተሰናበተች።

ለአሜሪካ ግብር ከፋይም ምስጋናዬ አለ። ይህን ስል ከልቤ ነው። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው፤ በዚህም የአሜሪካ ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከዚያ በፊት የተኙትን ቀብረናቸዋል። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ከጀመሩት ውስጥ ዛሬ ልጅ የዳሩ አሉ። ገንዘቡ በመቆሙ ተቆጥቼ ይህን ብረሳ ትልቅ ውለታ መካድ ይሆንብኛል።

እንዲያም ሆኖ የእኛ መስክ ምስጋና የሚፈስበት አቅጣጫ ያሳስበኛል። ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ፕሮጀክት ሲመረቅ ባነሩ ላይ የለጋሹ አርማ ከፊት ይሆናል። ጋቢ የሚለብሰው ከሩቅ የመጣው እንግዳ ነው። አዛውንቱን የሚያገላብጡት እናት ከኋላ ቡና ያፈላሉ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ተረጂዎችን ለምስጋና ማቆማችን ነው። ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። ዘይትና ዱቄት ከመስጠት በፊት ካሜራ ይደረደራል። አንዲት አያት ይነሣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይመርቃሉ። የድርጅቱ ስም ካልተጠራ ይታረማሉ። ማንም ክፉ አስቦ አያደርገውም። ለጋሹ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ድርጅቱም ቀጣዩን ዓመት ማትረፍ አለበት። ግን እኚያ አያት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እንጀራ ሸጠው ልጅ አስተምረዋል፣ ለሰፈሩ ሕፃናት እትብት ቆርጠዋል፣ እድራቸውን ሳያጓድሉ ከፍለዋል። እርጅናቸው ላይ አምስት ሊትር ዘይት ሲያገኙ ይህች አገር ካለባት ዕዳ ትንሿን እየከፈለቻቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ታዲያ ማን ማንን ያመስግን? ቤታቸው ገብቼ «ተባረክ» ሲሉኝ ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። እሱ የእሳቸው ስጦታ ነው፣ ማንም አላዘዛቸውም። በካሜራ ፊት የሚጠየቁት ምስጋና ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ ድርጅት ዕቃ ሲሰጥ ፎቶ አይነሣም። ለጋሽ ሲጠይቀን ደረሰኝና የፊርማ ዝርዝር እንልካለን።

ደንቡም ራሱ ለብዙ ዘመን ሰውን እንደ ትርፍ ወጪ አስቆጥሮናል። በ2001 ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የወጣው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በመመሪያው ግን ሥልጠናና ትራንስፖርት ሳይቀር አስተዳደራዊ ይባል ነበር። ተንከባካቢዋ ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ የምትማርበት ቀን ከቢሮ መጋረጃ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ገባ። በ2011 እሱን የተካው አዋጅ 1113 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም፣ ለዓላማው የሚወጣው ከአስተዳደር ወጪ ተለየ። ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው።

ምስጋና በወረቀት አለማለቁን ሳስብ ሁሌ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ መጡ፤ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት ነው። ወይዘሮ ማሚቱ በልጅነታቸው በምጥ ተጎድተው እነዚህ ሐኪሞች ዘንድ የደረሱ ታካሚ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። ካገገሙ በኋላ አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ከዚያ በቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ አቀበሉ። እያዩ፣ እየነኩ፣ እየጠየቁ ተማሩና ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሆኑ። ከውጭ አገር ለመማር የሚመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ።

ሁለቱ ሐኪሞች ለዚያች አልጋ አንጣፊ ታካሚ በዓል ደግሰው፣ ሰርተፊኬት ሰጥተው ሊሸኟት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የሙያቸውን ዋና ነገር በእጇ ሰጧት። በሽታውን በገዛ ገላዋ የምታውቅ ሰው ከሁሉ የተሻለ እንደምትረዳው ገባቸው። ይህን ለማድረግ ትዕግሥት ብቻ አይበቃም። ሰው ፊት «ከእኔ እኩል ትሠራዋለች» ብሎ መናገርን ይጠይቃል።

እኛ ዘንድ ይህ ምን ይመስላል ብዬ ዓመቱን ሙሉ ሳስብ ቆይቻለሁ። ድርጅታችን ማኅበር ስለሆነ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጉባኤው ጥቅምት ላይ ይጠራል። ሁሉም ተንከባካቢዎች ድምፅ የሚሰጡ አባላት እንዲሆኑ ሐሳቡን አዘጋጅቻለሁ። ከእነሱ መካከል በሥራ አመራሩ የሚቀመጡ ይመረጣሉ። የሰኞ ጠዋት ስብሰባችንም የሚጀመረው ከእነሱ ወሬ ነው። ማን ታመመ፣ የማን መድኃኒት አለቀ፣ ማን መብላት አቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ብር የምናወራው። ካሁን ቀደም ፕሮፖዛል የሚጻፈው ለጋሹ በከፈተው ርዕስ ነበር። አሁን መጀመሪያ እነሱ ይናገራሉ፣ ቀጥሎ ለሐሳቡ የሚሆን ለጋሽ እንፈልጋለን። ካልተገኘም የምንችለውን ያህል እንጀምራለን።

ገንዘቡ አልተመለሰም። የምንደግፋቸው ቤቶች ቁጥር ቀንሷል፣ ይህንን ማሳመር አልፈልግም። ወደ ሌላ ድርጅት ያዛወርናቸው አያቶች አሉ። እድሩ በየወሩ ከሚሰበስበው ላይ ትንሽ ይመድብልናል። ባለ ሱቆቹ ሳሙናና ዱቄት ያዋጣሉ። በውጭ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆችም መላክ ጀምረዋል። የ2011ዱ አዋጅ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ለመሥራት ስለሚፈቅድልን እናቶቹ የባልትና ሥራ እንጀምር ብለዋል። በርበሬው የት እንደሚደለዝ ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል።

ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ዶሮና ቅቤ ከባለ ሱቆቹና ከእድሩ ተዋጥቷል፣ ለሁሉም ቤት ግን አይበቃም። የትኛው ቤት ዶሮ፣ የትኛው ቤት ዱቄትና ሽንኩርት ይድረሰው የሚለውን ነገ ጠዋት እናቶቹ ይወስናሉ። እኔ መኪና ለምኜ አግኝቻለሁ፤ እነሱ ባሉኝ ሰፈር አደርሳለሁ።