አደራ በላ

ደሴ ውስጥ አንድ ቅሬ፣ ማለትም የወሎ ዕድር፣ የዓመቱን ሒሳብ በሚዘጋበት ዕለት፣ ከገንዘብ ያዡ እጅ መገኘት የነበረበት ገንዘብ ሳይገኝ ቀረ። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ «ጉድለት ታይቷል» ብሎ ጻፈና ለአባላቱ አነበበ። ከበሩ ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት ግን «ልጄ፣ ገንዘብ በራሱ አይጎድልም፤ አማና በልቷል ብለህ ጻፍ» አሉት፤ አማና ማለት አደራ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለዚህ በደል ያሉንን ቃላት ሳገላብጥ ቆይቻለሁ። ዛሬ ሁሉን ጠቅልሎ የያዘው «ሙስና» ከግእዙ «ማሰነ» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ጥፋትና መበስበስ ነው፤ በመዝሙር 15 ላይ «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና» ሲባልም የሚነገረው ስለ መቃብር መበስበስ እንጂ ስለ ካዝና አይደለም። «ምዝበራ»ም ቢሆን አፈረሰ፣ አወደመ ከሚለው ከግእዙ «መዝበረ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። ሁለቱም የደረሰውን ጥፋት ያሳዩናል፤ ታምኖ የተቀበለውን ሰው ግን አያሳዩንም።

«መብላት» የሚለው ቃል ታሪክ ረዘም ይላል። በጉልት ዘመን ሹም የሚተዳደረው በወር ደመወዝ ሳይሆን ከተሰጠው አገር በሚያገኘው ግብር ስለነበር፣ ያን ግብር መብላቱ የሹመቱ ደንብ እንጂ ነውር አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ዛሬ ለሌብነት ማመካኛ የሚያደርጉት ሰዎች ይህን ይዘነጉታል፤ እኔም ተረቱ በቢሮ ሲጠቀስ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። ጉልት በ1958 በአዋጅ ቀርቷል፤ ሹሙም ደመወዝተኛ ሆኗል።

«አደራ በላ» ግን በየትኛውም ዘመን የተፈቀደ ትርጉም ኖሮት አያውቅም። በወሎ ሙስሊሙ «አማና» የሚለውን ክርስቲያኑም ጎረቤቱ ይረዳዋል፤ ቁርኣንም በአን-ኒሳእ ምዕራፍ 58ኛ አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ መመለስን ያዛል። የቅሬ ገንዘብ ደግሞ ከአደራም የከበደ አደራ ነው፤ ለከፈን፣ ለድንኳንና ለሐዘንተኛው ቤት ቡና ተብሎ ከየጓዳው የተዋጣ ነውና።

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 675 «እምነት ማጉደል» ይለዋል፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው አጋጣሚ ሲፈጽመው ደግሞ፣ በ2007 በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ በአንቀጽ 413 «መውሰድና መሰወር» የሚል ስም ነበረው። ከሁለቱ የፊተኛው ለእናቲቱ ቃል የቀረበ ይመስለኛል፤ ጎደለ የሚለው ብሩን ሳይሆን እምነቱን ነውና። ጸሐፊው ግን የሕጉን ቃል አልፈለገም፤ «ጉድለት» ያለውን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ ከጎኑ እናቲቱ እንዳሉት ጻፈ።