ላቦራቶሪ ፈልጌ ስቶር ገባሁ

የቅርስ እንክብካቤ ሥራ መጀመር የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ ቶሎ የሚጠይቁኝ ስለ ላቦራቶሪ ነው። ነጭ ጋዋን፣ ማይክሮስኮፕ፣ በሙጫ የሚገጣጠም ሸክላ። አይፈረድባቸውም፤ እኔንም የሳበኝ እሱ ነበር። ምክሬ ግን ሁሌ አንድ ነው። ኢንተርንሺፕ ስትጠይቁ «ላቦራቶሪ አስገቡኝ» አትበሉ። «ስቶር አስገቡኝ» በሉ። ሙዚየም ውስጥ ለእይታ የሚቀርበው ከስብስቡ ጥቂቱ ነው። የቀረው ዕድሜውን የሚገፋው ስቶር ውስጥ ነው፤ የሚበላሸውም የሚድነውም እዚያው።

የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ስንመረቅ የክፍሌ ልጆች ሲቪያቸውን ይዘው ወደ ቢራና ቀለም ፋብሪካ ሮጡ። እኔም ሮጫለሁ። ነገሩ የተጀመረው ስልክ እስኪደወልልኝ ስጠብቅ ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሕንፃዎቹ ወዲያ፣ እርሻው ገና ተቆርሶ ያላለቀበት ዳር ላይ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይታሰብ የነበረች ቤተ ክርስቲያን አለች። ክረምቱ እንደወጣ ቄሰ ገበዙ የብራና መጻሕፍቱን ሰሌን ላይ ዘርግተው ፀሐይ ሲያስመቱ አየሁ። ብራና ቆዳ ነው፤ የፍየል ወይም የበግ። እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቅጠሉ ሲጨማደድ ላዩ ላይ ያለው ቀለም አብሮት መሸብሸብ ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል።

«አባቴ፣ ጥላ ውስጥ ቢሆን አይሻልም?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «እስቲ ነይ፣ በዚያ በኩል ያዥ» አሉኝ። ሰሌኑን ወደ ጥላው ወሰድነው። ከዚያ በኋላ ልርዳዎት ስላቸው ግን ፊታቸው ተቀየረ። «ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። ሰበካ ጉባኤው ሳይፈቅድ አይሆንም።» እውነታቸውን ነው። ስንቱ «ላጥና» ብሎ ገብቶ መጽሐፍ ይዞ ወጥቷል።

ከተማርኩበት ትምህርት ክፍል የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍኩና ለሰበካ ጉባኤው ማመልከቻ አስገባሁ። የምሠራውንና የማልሠራውን ለያይቼ ነው የጻፍኩት። እመዘግባለሁ፣ መደርደሪያ አጸዳለሁ፣ እጠቀልላለሁ። አልጠግንም፣ አላጥብም፣ አልሰፋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የጥገና ሥራ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይካሄድ ስለሚከለክል፣ ይህ ትህትና ሳይሆን ግዴታ ነው። በኋላ እንደገባኝ ግን በሩን የከፈተልኝ «አልሠራም» ያልኩት ክፍል ነበር። ማንም ያልቀጠረኝ፣ ማንም ያልከፈለኝ የመጀመሪያ ኢንተርንሺፔ ይህ ነው።

ዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ክፍል ነው። መጻሕፍቱ በፌስታል ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ፌስታል ከላይ የሚንጠባጠብ ውኃ ይከለክላል፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ ውስጥ የገባውንም እርጥበት አለማስወጣቱ ነው፤ እርጥበት ሲታፈን ሻጋታ ይመጣል። ፌስታሉን በአቡጀዲ ቀየርነው። አቡጀዲው አዲስ ሲሆን እንዲጠነክር ፋብሪካ የተቀባ ነገር ስላለው ከለር በሌለው ሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት። መደርደሪያውን ከግድግዳው አራቅነው፣ ከወለሉም ከፍ አደረግነው። ቆርቆሮው የሚያፈስበትን ቦታ ምልክት አድርገን ለሰበካ ጉባኤው ጻፍን። ያን ዓመት ለመጻሕፍቱ ከተደረገው ሁሉ ትልቁ ነገር ያ ቀዳዳ መደፈኑ ነው። እኔ የነካሁት ነገር አይደለም።

አንድ ዳዊት ነበር፤ ገበታው ማለትም ሽፋኑ ከእንጨት የሆነ፣ የተሰፋበት ጅማት የላላ። እንጨቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ነቀዝ ነው። ጥያቄው ነቀዙ አሁንም አለ ወይስ ድሮ በልቶ ሄዷል የሚለው ነው። የተጠራቀመውን ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኩና ዳዊቱን ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ጊዜ ስመለስ ከአንዱ ቀዳዳ ሥር ጥቁሩ ወረቀት ላይ ቁልጭ ያለች ነጣ ያለች የዱቄት ክምር ነበረች። ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ነው። ዳዊቱን ከሌሎቹ ለይተን አራቅነው። ፍሊት እንንፋበት ያሉ ነበሩ፤ ቄሰ ገበዙ ናቸው የከለከሉልኝ። «በአፋችን የምንሳለመውን መጽሐፍ?» አሉ።

የጧፍ ጠብታዎቹን አላነሳሁም። የገጹ ጥግ ላይ ያለው የጣት እድፍም እንዳለ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ስንፍና ይመስለዋል። የትኛው ገጽ ብዙ እንደተነበበ የሚናገረው ግን ያ እድፍ ነው፤ ካጸዳችሁት አይመለስም። ጓንትም አላደረግኩም። ፊልም ላይ የምናየው ነጭ ጓንት ለብራና አይመከርም፤ ጣት ይደነዝዛል፣ የተቀደደ ጠርዝ ይይዛል። ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል። የብርና የናስ መስቀል ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ የላባችን ጨው ብረቱን ስለሚያጠቁረው ጓንት ግድ ነው። ጽዋውንና ዕርፈ መስቀሉን፣ ማለትም የቁርባኑን ማንኪያ፣ ደግሞ የተቀደሱ ስለሆኑ ጓንት ኖረኝ አልኖረኝ መንካት አልችልም። ዲያቆኑ ያዞርልኛል፣ እኔ በርቀት አይቼ እጽፋለሁ። «ትንሽ ወደ መስኮቱ፣ አዎ፣ እዚያ ጋ ጠርዙ ላይ ምን ይታይሃል?» እያልኩ። ሳይነኩ ማየት የተማርኩት እንደዚያ ነው። በኋላ ሙዚየም ውስጥ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም ይኸው ነው።

ሙዚየም ለመግባት ያመለከትኩት ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን የመዝገብ ደብተር ይዤ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቦታ «ኢንተርን» ተብዬ ገብቼ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ከርሜያለሁ። እሱን ልተወው። ሁለተኛው ቦታ የተቀበሉኝ ሰውዬ ውጤቴን አላዩም። ደብተሩን ገለጡና ስለ ዳዊቱ የጻፍኩትን አነበቡ። «ጥቁር ወረቀቱን ማን ነገረሽ?» አሉኝ። የካናዳ የቅርስ እንክብካቤ ተቋም በነፃ ከሚያወጣው ጽሑፍ እንዳነበብኩ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ያ ተቋም ትልቅ ሀብት ነው። ቅርስን የሚጎዱ አሥር ነገሮች ብሎ ይዘረዝራል፤ እሳት፣ ውኃ፣ ሌባ፣ ተባይ፣ ብርሃን እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ የዕቃው መረጃ ከዕቃው መለየቱን ይጨምራል። ቁጥሩ የጠፋ ዕቃ ቢያምርም ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደነበር አይታወቅም።

ስለዚህ ሙዚየሙ ውስጥ ሥራዬ ዕቃዎች ላይ ቁጥር ማድረግ ሆነ። እንደ ልብስ ባለ ለስላሳ ዕቃ ላይ ቁጥር ይሰፋል። በሸክላና በብረት ላይ ግን መጀመሪያ በአሴቶን የሟሟ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ በስሱ ይቀባል፣ ሲደርቅ ላዩ ላይ በቀለም ይጻፋል፣ ከዚያ እንደገና ስስ ሽፋን ይደረብበታል። ቀለሙ ዕቃውን ራሱን አይነካም። ነገ ሌላ ሰው ቁጥሩን ማንሳት ቢፈልግ በአሴቶን ያነሳዋል። የተማርኩት ኬሚስትሪ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት እዚህ ነው። የሠራኸውን ሌላው እንዲያፈርሰው አድርገህ ሥራ፤ የሙያው ሕግ ይህ ነው። የፋብሪካ ኬሚስትሪ ተቃራኒውን ነው የሚያስተምረው፤ የማይለቅ ቀለም፣ የማይላቀቅ ሙጫ።

ኃላፊዬን ጋሼ ነው የምላቸው። አፋቸው ላይ ያለው «አትንኪው፣ መጀመሪያ ጻፊው» ነው። «ተጎድቷል» ብሎ መጻፍ እሳቸው ዘንድ አያልፍም። የት ጋ? ስንት ሴንቲ ሜትር? ጠርዙ ቆሽሿል ወይስ ንጹሕ ነው? የስንጥቅ ጠርዝ ንጹሕ ከሆነ ጉዳቱ አዲስ ነው፤ ስቶሩ ውስጥ የሆነ ነገር እየተፈጠረ ነው ማለት ነው። ለብራና ደግሞ ጉዳቱ አዲስ መሆን አለመሆኑን ማወቂያ ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የብዙ አድባራትና ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በድረ ገጹ ያሳያል። የአንድ መጽሐፍ የድሮ ምስል ከተገኘ ከዛሬው ጋር ማመሳከር ይቻላል።

በርኖስ ደግሞ ብል ይወዳል፤ ሱፍ ነውና። መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ እናቀዘቅዘዋለን። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት። ሲወጣ ቶሎ አይፈታም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል። አለበለዚያ የአየሩ እርጥበት ጨርቁ ላይ ውኃ ሆኖ ይቀመጣል። መብራት ቢጠፋና ፍሪዘሩ ቢሞቅ ከአንድ ይጀመራል። ስለዚህ ጠዋት እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ቴርሞሜትሩን ነው የማየው።

የእርጥበት መለኪያው ውሸታም መሆን አለመሆኑን የምናውቀው በወጥ ቤት ጨው ነው። ጨው በጥቂት ውኃ ይርሳል፤ ይርጠብ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሟሟ። በትንሽ ክዳን ተደርጎ፣ ገጥሞ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከመለኪያው ጋር ያድራል። በዚያ ዕቃ ውስጥ ያለው እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ ይሆናል። መለኪያው 68 ካለ ሰባት ይቀንሳል ማለት ነው፤ ልዩነቱን ላዩ ላይ በወረቀት እንለጥፋለን። ውድ መሣሪያ የለንም ለሚሉ ሁሉ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አልነበረም። ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ሥራ፣ ሰልፉ ሳይቆጠር የታክሲው ብቻ ያማርራል። ማታ ማታ የብሎካችንን ልጆች ሒሳብና ኬሚስትሪ አስጠና ነበር፤ የታክሲዬ የወጣው ከዚያ ነው። ቤተሰብ ጋ የማይኖር ሰው ይህን መንገድ ሊሄድበት ይቸገራል። በነፃ ሥሩና ተደሰቱ የሚል ምክር እኔ አልሰጥም። ጠይቁ፤ ቢያንስ ትራንስፖርት ይከፈል እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። አንዳንዱ የሚከፍለው ስለተጠየቀ ነው።

ቦታ ሲከፈት በኮንትራት የተቀጠርኩት ዕቃው የት የት እንዳለ የማውቅ እኔ ስለነበርኩ ነው። ከእኔ የተሻለ የተማሩ አመልካቾች ነበሩ። ስቶሩን ግን አያውቁትም። የትኛው መሳቢያ እንደሚከረቸም፣ የትኛው ጥግ ክረምት ላይ እንደሚረጥብ፣ የትኛው ሙዳይ ያለ ቁጥር እንደተገኘ ደብተሬ ላይ አለ።

ለማመልከት ያሰባችሁ፣ ክረምትን ዝለሉት። ክረምት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይበዛል፣ ሥራ ለማስተማርም ጊዜ ያለው ሰው አይገኝም። ከመስቀል በኋላ ሂዱ። የሠራችሁትን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ከሆነ ግን ስሟን አጥፉ፣ ስልካችሁም ፎቶው ላይ ቦታውን እንዳይመዘግብ ሎኬሽኑን ዝጉት። ቲክቶክ ላይማ በጭራሽ። የት ምን እንዳለ የሚፈልግ ሌባ ከእኛ በላይ ፈጣን ነው። ደብዳቤውን ደግሞ በአካል አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ፣ መዝገብ ቤት የሰጧችሁን ቁጥር ያዙ። በሳምንቱ ተመልሳችሁ «ቁጥሩ ይኸው፣ የት ደረሰ?» በሏቸው።