ለበረሃ የሚሆን መኪና ምርጫ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ ቁልቁል

ወደ አፋር በረሃ ለመውረድ ስፈልገው የነበረው መኪና ተገዝቶ ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብቷል። ብዙዎቻችሁ ላንድክሩዘር ይሆናል ብላችሁ ገምታችሁ ነበር፤ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ እህልና በግ ሲጭን የኖረ አሮጌ ሃይሉክስ ደብል ካቢን ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ግን ልጻፍላችሁ፤ ሌላ መኪና ብትመርጡም እነዚሁ ጥያቄዎች መምጣታቸው አይቀርም።

መጀመሪያ የቦታው ነገር። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በመሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው 2,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በደጋንና በባቲ አድርጎ ወደታች የወረደ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሚሌ ላይ 500 ሜትር ገደማ ያገኛል። ጠዋት ጃኬት፣ ከሰዓት 40 ዲግሪ። የእኔ ዕቅድ መጀመሪያ ሐዳር ነው፤ ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት፣ ከባቲ–ሚሌ አስፋልት ተገንጥሎ በአሸዋማ ደረቅ ወንዝና በተሸረሸረ ሸለቆ የሚኬድበት። ልምዱ ሲገኝ አፍዴራ ይቀጥላል፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ነው።

«ሐረጎን የማይወጣ መኪና ምን ያደርግልሃል?» ያሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ነገር ግን እኔ ጉልበት የምፈልገው ታች ነው፤ እዚያ ደግሞ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ የራሱን ጉልበት መልሶ ያገኛል። ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ብወጣ የሚያፍር የለም፤ ከኋላዬ ያለው ሲኖትራክም ያው ነው።

ገበያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት የማይታሰብ ሆነ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባቱም ቆመ። ስለዚህ የምንመርጠው ቀድሞ አገር ውስጥ ከገባው ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ሰማይ ወጥቷል። ብዙው መኪና ሞተሩ ተቀይሯል፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። ታች ጨው ሲያመላልስ የከረመ መኪና ከሆነ ደግሞ ሻንሲውን ከውስጥ በኩል በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ጨው ቀለሙን ሳይነካ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ድምፁ ራሱ ይናገራል።

አሁን ወደ ዕጩዎቹ። ቪታራ፣ የድሮውን ማለቴ ነው፣ ከልቤ ወድጄው ነበር። ሻንሲ አለው፣ ሎው ማርሽ (ቀስ ብሎ ግን በጉልበት የሚያስኬደው) አለው፣ ክብደቱም አንድ ቶን ገደማ ነው። አሸዋ ላይ ከፈረስ ጉልበት ይልቅ ቀላል መሆን ይጠቅማል፤ ከባዱ ሲሰምጥ ቀላሉ ያልፋል። የጣለው ቤንዚኑ ነው። የጅቡቲ መስመር የሚኖረው በናፍጣ ነው፤ ከባቲ ወዲያ ቤንዚን ፍለጋ መቆም አልፈልግም። ውሃ፣ ነዳጅና ሁለት ተጠባባቂ ጎማ ሲጫንበትም ያ ቅለቱ ይጠፋል።

ኒሳን ፓትሮል፣ ዋይ 60 የሚባለው፣ ከሁሉም የተሻለ አካሄድ አለው። ፊቱም ኋላውም የሚያርፈው በሞላ (በተጠመዘዘ የብረት ስፕሪንግ) ላይ ነው፣ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ ሞተርም ጠንካራ ነው። ዕቃው ግን ከአዲስ አበባ ካልመጣ የለም።

ላንድክሩዘር 70 ንጉሥ ነው፣ ክርክር የለበትም። ዋን ኤች ዜድ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ያለ ቱርቦና ያለ ኮምፒውተር ነው፤ የተበላሸ ናፍጣም ይታገሳል። በእኔ አቅም የቀረቡልኝ ግን በጨረታ የወጡ፣ የመጨረሻ ላባቸውን የጨረሱ ነበሩ። ደህናውን ለመግዛት ያለኝን ሁሉ ከፍዬ ለጎማና ለራዲያተር ሳይተርፈኝ መቅረቱ አልዋጠልኝም። ኮመን ሬል የሚባሉትን፣ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩትን አዳዲሶቹን ፒክአፖችም ያየሁት ለጥቂት ነው፤ ኢንጀክተራቸው ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ የምሞላበት ቀን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ምርጫውን የወሰነልኝ ግን የመኪና ንጽጽር አይደለም። ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር እስከ ሚሌና ሎጊያ ወርጄ በየከተማው ጎሚስታውንና መለዋወጫ ሻጩን «ይሄ አለህ? ያ አለህ?» እያልኩ ጠየቅኩ። መልሱ በየቦታው ያው ነበር። የሚኒባስ ዕቃ አለ፣ የአይሱዙ ዕቃ አለ፤ ከዚያ ውጭ «ከላይ ይምጣልህ» ነው። ባቲ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ሰፊውን የበረሃ ጎማ ፎቶ ሳሳያቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ ቢፈነዳብህ እኔ ጋ መጥተህ ሻይ ትጠጣለህ እንጂ ሌላ ምንም አላደርግልህም» አሉኝ።

እንግዲህ ሃይሉክሱ። ከ1990 ዓ.ም. በፊት የተሠራው፣ ፊቱም ኋላውም ሙሉ አክስል፣ አራቱም ጎን ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረ የብረት ቅጠል)፣ 2.8 ሊትር፣ ስሪ ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር። ሞተሩ ታክሲ ከሚሠሩት አሮጌ ሃይስ ሚኒባሶች ጋር ከአንድ ቤተሰብ ነው፤ ሚኒባስ የሚያድርበት ከተማ ሁሉ የሚያውቀው መካኒክ አለ። ባሌስትራው ቢሰበር ኮምቦልቻም ሆነ ባቲ የጭነት መኪና ባሌስትራ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ሞላ ቢሆን ኖሮ ትዕዛዝ ሰጥቶ መጠበቅ ነበር። ሲነዳ ያንገጫግጫል፤ ወገባችሁን የምትወዱ ፓትሮሉን ግዙ።

ጎማውን በተመለከተ 7.50–16 ወስኛለሁ። ብዙዎቹ ትንንሾቹ አይሱዙዎች የሚያደርጉት ልክ ስለሆነ ሚሌም ሎጊያም ይገኛል። ቸርኬ ከድሮው ላንድክሩዘር እየፈለግሁ ነው፤ የስድስቱ ብሎን ርቀት አንድ ነው፣ 139.7 ሚሊ ሜትር። ከፋብሪካው ጎማ ጋር ሲነጻጸር መኪናው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ማርሹም 8 ወይም 9 በመቶ ይረዝማል፣ ማለትም ሐረጎ ላይ ይብሱን ይደክማል፤ ሎው ማርሽ ስላለኝ ታች አያሳስበኝም። ባሌስትራው ሥር ብረት አስገብተህ አስነሳው የሚሉኝን አልሰማኋቸውም። እሱ ቦዲውን ነው የሚያነሳው። ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሐል ያለው እብጠት) ነው፣ ዲፈረንሻሉን ደግሞ ከጎማ በቀር የሚያነሳው የለም። ለዓመታዊው ምርመራ ሲቀርብም ከመጠን በላይ የተነሳ መኪና ቦሎ ለማግኘት ጭቅጭቅ አለው።

የጎማ አየር ላይ ደስ የሚል ነገር አስልቻለሁ። ደሴ ላይ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ ጎማ ሚሌ ሲደርስ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ 3 ያህል ይቀንሳል። የአየሩ ሙቀት ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ 3 ያህል ይመለሳል። ስለዚህ ቆሞ የበረደ ጎማ ታች ሲለካ ያው 35 ነው። በጉዞ ላይ የሚሞቀው ከዚህ በላይ ነው፤ ሞቆ ሳለ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ አያስፈልግም። አሸዋ ላይ ግን ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ወደ 18 አካባቢ፤ ጎማው መሬቱን በርዝመት ይይዛል። በውስጡ ከመነዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ያለው ጎማ ከዚያ በጣም ከወረደ ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የከመነዳሪውን ቫልቭ ይቆርጣል። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ የላላ ጎማ ጎኑ ስለሚወጣ ድንጋዩ እንደ ምላጭ ይሰነጥቀዋል። አሸዋና ላቫ የሚፈራረቁበት መንገድ ላይ መንፊያ ሳይዙ መውጣት የለም። ሐዳርን ያስቀደምኩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፣ አሸዋ ይበዛዋል፣ ላቫውን በኋላ እንማራለን።

እስካሁን ገንዘቡ የሄደው ለማቀዝቀዣው ነው። ራዲያተሩ ወርዶ ተጠርጓል፣ ቴርሞስታቱና ክዳኑ አዲስ ናቸው። ክዳኑን የሚንቅ ብዙ ነው፤ ግን ደሴ ላይ ውሃ ክፍት ሆኖ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ከዚያ በላይ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ነው። የላላ ክዳን ሐረጎ ላይ ያንተከትካል፣ ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይበላሻል። ከፋብሪካው የሙቀት መርፌ ጎን ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ አስገጥሜያለሁ፤ መርፌው ቀይ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ናፍጣው ላይም ውሃ የሚለይ ተጨማሪ ፊልትሮ ገብቷል። ፖርቶመጋላ (የጣራ ዕቃ መጫኛ) አልሰቅልም። ውሃና ነዳጁ ካቢኑ ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ ጣራ ላይ የወጣ ክብደት ሸለቆ ውስጥ ጎን ላይ ሲዘነበል ይታወቃል።

የቀረው የኋላው ባሌስትራ ነው፣ እዚህ ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። አሁን ያለው ለጭነት የተጠናከረ ስለሆነ ባዶውን ይነጥራል፤ አሸዋ ላይ ደግሞ የሚነጥር ጎማ ይቆፍራል። አንድ ቅጠል አስወጥቼ አሞርዛተሩን (ንጥረቱን የሚያበርደውን) ላሻሽል ወይስ ውሃና ነዳጁ ሲጫን ይረጋል ብዬ ልተወው? መካኒኬ «ተወው» ባይ ነው። እኔ ማስወጣቱ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም ጭነቴ ከበግ ነጋዴው ግማሽም አይሞላም።

ጉዞው ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከኅዳር በኋላ ነው። የአካባቢውን አስተዳደር ፈቃድና አፋር መንገድ መሪ ሳንይዝ አንወጣም፤ ብቻውንም የሚወጣ መኪና የለም። ስለዚህ ሁለተኛ መኪና ያስፈልገኛል፣ ቪታራ ያለው ሰው ቢመጣ ደስታውን አልችለውም። አሸዋው ላይ ማን ማንን እንደሚጎትት እዚያው እናያለን፤ ገመዱን እኔ እይዛለሁ፣ ቤንዚኑን እሱ ያስብበት።