«ፋይሉ የለም» ያለኝ ሰርቨር እና ቻይንኛ የሆኑት ገበሬዎች

ባለፈው የቡና ሰሞን የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ አሁን ሲወራ ያስቃል ያኔ ግን ሁለት ቀን ቁም ስቅሌን ነው ያየሁት።

ጅማ አጂፕ አካባቢ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው ሶፍትዌር የምንሠራው፣ እኔ፣ ቢኒ፣ አንድ ሌላ ልጅና ኢንተርናችን ሐያት። ክፍሏ ውስጥ ያለው ንብረት ላፕቶፖቻችን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጮህ አንድ ዩፒኤስ፣ እና ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ናቸው (ወንበር እንገዛለን ካልን ሁለት ዓመት ሆነን፣ ወገባችን ለምዶታል)። ደንበኛችን ከገበሬ እሸት ቡና የሚሰበስብ ድርጅት ነው፣ ስሙን ተዉት። ገበሬው ቀዩን እሸት ይዞ ጣቢያ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ሒሳብ ሠራተኛው ስሙን ከዝርዝር ላይ መርጦ ኪሎውን ያስገባል፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ በቃ። እያንዳንዱ ጣቢያ ሊኑክስ የተጫነባት አንድ ትንሽ ሰርቨርና አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር አለው። እሸት ቡና ደሞ ቀጠሮ አያውቅም፣ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መቡካት ይጀምራል፣ ስለዚህ ሲስተም ቆሟል ነገ ኑ ብሎ ነገር የለም።

ድሮ ቢልድ (ኮዱን ለጣቢያዎቹ የሚሄድ ፓኬጅ አድርጎ ማዘጋጀት) የምንሠራው በእጅ ነበር። ቢኒ ላፕቶፑ ላይ ዚፕ ያደርግና በፍላሽ ይዞ በሚኒባስ ጣቢያ ለጣቢያ ይዞራል፣ አንዴ እንደውም ፍላሹን ባጃጅ ውስጥ ረስቶት ተመልሷል። ከዛ በኋላ ነው በቃ ይሄ ነገር አውቶሜት ይሁን ያልነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢልዱ ራሱ ይነሳል፣ ከሪፖው (ኮዳችን ከነታሪኩ ከሚቀመጥበት ቦታ) ኮዱን ያወርዳል፣ ቴስት ያደርጋል፣ ፓኬጅ ይሠራል፣ ጣቢያዎቹ ኔትወርክ ሲያገኙ ያወርዱታል። አረንጓዴ ከሆነ ይወጣል፣ ቀይ ከሆነ አይወጣም። አረንጓዴ ማለት ደህና ማለት ነው ብዬ አምን ነበር።

ማክሰኞ ማታ ሐያትን የሰርቨሩ ማስነሻ ስክሪፕት ላይ አንዲት መስመር ቀይሪልኝ አልኳት፣ የሎግ ፋይሉ የሚቀመጥበትን ቦታ። ቀየረች፣ ፑሽ አደረገች (ወደ ሪፖው ላከች)፣ ቢልዱ ሌሊቱን አረንጓዴ ሆኖ አደረ። ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። የአንዱ ጣቢያ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ አልነሳም አለ እኮ።»

«ጋሼ አጥፍተው ያብሩት እስቲ።»

«ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ አራተኛውን አንተ መጥተህ አብራው።»

በሪሞት ገባሁ። ሎጉ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ማስነሻ ስክሪፕቱን ማስነሳት አልተቻለም፣ እንዲህ የሚባል ፋይል ወይም ዳይሬክተሪ የለም። ኤልኤስ በምትባለዋ የፋይል ዝርዝር አሳዪ ኮማንድ አየሁ፣ ፋይሉ ቁጭ ብሏል። ፈቃዱን አየሁ፣ ኤክስኪዩት ተፈቅዶለታል። ከፍቼ አነበብኩት፣ ከላይ እስከ ታች ንጹሕ ነው። ፋይሉ አለ እኮ! እያልኩ ብቻዬን ሳወራ ቢኒ ሰርቨሩን ትተህ ራስህን ሪስታርት አድርግ አለኝ። ዲስኩ ሞልቶ ይሆን አልኩ፣ አልሞላም። ፓኬጁ በደካማ ኔትወርክ ግማሹ ወርዶ ይሆን አልኩ፣ ቼክሰሙ (ፋይሉ ሳይጎድል መድረሱን የሚያረጋግጠው ቁጥር) ልክ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ጋሼ በዚህ መሀል በካርቦን ደረሰኝ በእጃቸው መጻፍ ጀምረዋል።

መጨረሻ ላይ የሐያትን ኮሚት (ያስገባችውን ለውጥ) ሳይ ነው ነገሩ ያጠራጠረኝ። የቀየረችው አንድ መስመር ነው፣ ዲፉ (የድሮውንና የአዲሱን ልዩነት የሚያሳየው) ግን ስክሪፕቱ ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ እንደገና እንደተጻፈ ነው የሚያሳየው፣ ቀዩም (የተሰረዘው) አረንጓዴውም (የተጨመረው) ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት። ይሄን ማታውኑ አይቼው ማጽደቄ ነው የሚያበሳጨኝ። ካት የምትባለዋን ኮማንድ የማይታየውንም አሳይ ብዬ ሳስነሳት በየመስመሩ ጫፍ ላይ ባርኔጣ የደፋች ኤም ተሰልፋ አገኘኋት። ካሪጅ ሪተርን። የዊንዶውስ መስመር መጨረሻ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን በጽሕፈት መኪና ሲጽፉ አይታችኋል? መስመሩ ሲያልቅ ያቺን እጀታ ክርርር አድርገው ይገፏታል፣ ያኔ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው፣ ወረቀቱን የያዘው ክፍል ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል፣ ወረቀቱ ደሞ አንድ መስመር ከፍ ይላል። ቴሌታይፕ (በሽቦ የሚላክለትን ጽሑፍ የሚያትም ማሽን) ሲመጣ እነዚህ ሁለቱ ለየብቻ ትእዛዝ ሆኑ፣ መመለሻው ቁጥር 13፣ ወረቀት መግፊያው ቁጥር 10። በፈረንጅ 1963 የወጣው ሞዴል 33 የሚባለው ቴሌታይፕ በሴኮንድ 10 ፊደል ነበር የሚጽፈው፣ የሚጽፈው ራስ ወደ መስመሩ መጀመሪያ እስኪመለስ ደሞ ከአንድ ፊደል በላይ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ 13 ቀጥሎ 10 መላኩ ጊዜ ለመግዛትም ይጠቅም ነበር። ዩኒክሶች (ሊኑክስ መንገዳቸውን የተከተላቸው) ፋይል ውስጥ አንዷ 10 ትበቃለች፣ ሌላውን የፕሪንተሩ ድራይቨር ይጨምር አሉ። ዶስ የሚባለው ሲስተም ደሞ በፈረንጅ 1981 ሲወጣ ከበፊቱ ሲስተም ከሲፒኤም የወረሰውን ሁለቱንም ይዞ ቀጠለ፣ ዊንዶውስም ከሱ ወረሰ። ማክ የድሮው ደሞ 13ን ብቻ ነበር የሚጠቀመው፣ ያ እንኳን ቀርቷል።

ሊኑክስ ስክሪፕቱን ሲያስነሳ የመጀመሪያዋን መስመር አንብቦ በየትኛው ፕሮግራም ላስኬደው ይላል። መስመሯ ባሽ (ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ትላለች፣ ግን ከባሽ ኋላ ቁጥር 13 ተለጥፋለች፣ እሱ ደሞ እሷንም የስሙ አካል ነች ብሎ «ባሽ ከነጅራቷ» የሚባል ፕሮግራም ፍለጋ ይወጣል። የለማ! የለም ያለው የኔን ስክሪፕት መስሎኝ ሦስት ሰዓት ስፈልግ እሱ ስለ ባሽ ነበር የሚያወራው። ቢልዱስ ለምን አረንጓዴ ሆነ ብትሉኝ፣ ቢልዱ ስክሪፕቱን ፓኬጅ ውስጥ ይከተዋል እንጂ አያስነሳውም። ሐያትም ጥፋት የለባትም፣ ላፕቶፗ ዊንዶውስ ነው፣ ጊት (ሪፖውን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ሲጫን የመስመር መጨረሻን ምን ላድርገው ብሎ ሲጠይቃት እንዳለ ተወው የሚለውን መርጣለች፣ ኤዲተሯ ደሞ ፋይሉን በዊንዶውስ ወግ ሴቭ አደረገው። ያንን ጥያቄ ማን አንብቦ መልሶ ያውቃል?

እስከዚህ ድረስ የማንም ሰው ገጠመኝ ነው። የኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ስክሪፕቱን አስተካክዬ ላኩና ጣቢያው ከሰዓት ተነሳ። ግን እልህ ያዘኝ፣ ይሄ ነገር ዳግም እንዳይደርስብኝ ብዬ ማታ 4 ሰዓት ላይ ቢልዱ ውስጥ አንድ ደረጃ ጨመርኩ። ፓኬጅ ከመሠራቱ በፊት ያለውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ እየዞረ ቁጥር 13ን የሚጠርግ፣ ቲአር በምትባለዋ ኮማንድ፣ አንድ መስመር ሉፕ። ሁሉ ስል ሁሉ ነው። ዶስ ቱ ዩኒክስ የሚባለውን ብጠቀም እንኳን ባይነሪ ፋይል (እንደ ምስል ያለ፣ ተራ ጽሑፍ ያልሆነ) ሲያይ ራሱ ይዘል ነበር፣ ቲአር ግን ጥረጊ ካሏት ትጠርጋለች፣ ምን እንደሆነ አትጠይቅም። ቴስቱ ደሞ ከዚህ ደረጃ በፊት ነው ያለው፣ ስለዚህ አረንጓዴ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት። ጋሼ።

«ተነስቷል፣ ተመስገን ነው። ግን ገበሬዎቹን ምን አደረግካቸው?»

«እንዴት?»

«ግማሾቹ ቻይና ሆነዋል።»

ስክሪኑን በስልክ አንስተው ላኩልኝ። የአባላት ዝርዝሩ ላይ አንዱ ስም ደህና አማርኛ ነው፣ ቀጣዩ ቻይንኛ የሚመስል ነገር፣ ከዛ እንደገና ደህና፣ ከዛ ቻይንኛ። ደረሰኙ ላይ ደሞ የድርጅቱ ሎጎ ጠፍቶ ባዶ ቦታ ብቻ ነው የሚወጣው። ያን ቀን ፓኬጁን ወደ በፊቱ መልሼ፣ ከነ ላፕቶፔ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ወደ ጣቢያው ወረድኩ፣ ሰው በአካል ይቅርታ መጠየቅ አለበት ብዬ።

የሎጎውን ቶሎ ነው ያገኘሁት። ፒኤንጂ የሚባለው የምስል ፋይል የሚጀምረው በስምንት የተወሰኑ ባይቶች (ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች) ነው፣ ከነሱ ውስጥ 13 እና 10 ተከታትለው አሉ፣ እና የገባው ሆን ተብሎ ነው! ፎርማቱን የሠሩት ሰዎች እንደኔ ያለ ሰው መስመር መጨረሻ ላስተካክል ብሎ ምስሉን ሲነካካው ገና ከመጀመሪያዎቹ ባይቶች ላይ እንዲታወቅ ብለው ነው ያስቀመጡት። እኔን ሳያውቁኝ ጠብቀውኝ ነበር ማለት ነው።

የስሞቹ ግን አናቴን ነው ያዞረኝ። ዝርዝሩን የምታዘጋጀው የድርጅቱ ጸሐፊ ነች፣ በኤክሴል 2010። አማርኛን በተራው ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የጽሑፍ ፋይል) ሴቭ ካደረግሽው ጥያቄ ምልክት በጥያቄ ምልክት ስለሚሆን፣ ዩኒኮድ ቴክስት የሚለውን መርጣ ነው የምትልክልን፣ ያ ደሞ ዩቲኤፍ 16 ነው፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በሁለት ባይት የሚጻፍበት። ጣቢያው ሚዛን ማድረጊያው ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ባይቶቹን አንድ በአንድ ሳይ ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ «ል» የምትጻፈው በ18 እና በ13 ነው። «ግ» ደሞ በ19 እና በ13። ስለዚህ የኔ መጥረጊያ «ል» ባገኘ ቁጥር ግማሿን ቆርጦ ይጥላል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ባይት ይንሸራተትና የአንዱ ፊደል ጅራት ከቀጣዩ ራስ ጋር ተጣብቆ ሌላ ፊደል ይሆናል። መስመሩ ሲያልቅ ሌላ 13 ይቆረጥና እንደገና ይገጥማል። ለዛ ነው አንዱ ደህና አንዱ ቻይንኛ እየሆነ የሄደው፣ እና ተራው የሚገለበጠው ስሙ ውስጥ ል ወይም ግ ሲኖር። ጅማ ውስጥ ደሞ ጀማል እና ከማል የማይባል ሰው የት ይገኛል!

(ተቃራኒውንም ሥራ ብሠራ ኖሮ፣ 10ን ወደ 13 እና 10 ብቀይር፣ አልተርፍም ነበር። «ሊ» 18 እና 10 ነች፣ «ጊ» ደሞ 19 እና 10። ሊሙ ጠፍታ ነበር ማለት ነው።)

ዩቲኤፍ 8 የሚባለው ሌላው አጻጻፍ ቢሆን ይሄ አይፈጠርም ነበር፣ እዛ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው፣ ሦስቱም ከ127 በላይ፣ 13 ካለ እውነተኛ 13 ነው።

ከዛ በኋላ ያቺን ሉፕ አወጣኋት። ሪፖው ውስጥ ጊትአትሪቢዩትስ የሚባለውን፣ ጊት የትኛውን ፋይል እንዴት እንደሚይዝ የሚነግረውን ፋይል ጨመርን፣ የሼል ስክሪፕት ሁሌም በ10 ብቻ፣ ዊንዶውሱ ላይ የሚሄዱት ባች ፋይሎች ሁሌም በ13 እና 10 (እነሱ 13 ሲጎድላቸው አንዳንዴ ጎቱ የምትባለው ትእዛዝ የምትዘልበትን ቦታ ያጣሉ)፣ ፒኤንጂና የስም ዝርዝሩ ባይነሪ፣ አትንኩ። ይሄ የማንም ላፕቶፕ ላይ የማንም ምርጫ ምንም ይሁን ምን ይሠራል። ቢልዱ አሁን ምንም አይጠርግም፣ ያያል ብቻ፣ ስክሪፕት ውስጥ 13 ካገኘ ቀይ ሆኖ የፋይሉን ስም ይጽፋል። አንት የሚባለው የጃቫ ቢልድ መሣሪያ ለዚሁ ሥራ ፊክስ ሲአርኤልኤፍ የሚል ነገር ከድሮ ጀምሮ አለው፣ ማኑዋሉን በኋላ ሳነብ ባይነሪ ፋይል ላይ እንዳታስነሱት የሚል ማስጠንቀቂያ አየሁ። ካልነገርከው ደሞ የሚቀይረው ቢልዱ እየሄደ ባለበት ማሽን ወግ ነው፣ ማለትም የቢኒ ላፕቶፕ ላይና ሰርቨሩ ላይ ሁለት ዓይነት ፓኬጅ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ የቆየ ሪፖ ላይ ያለውን ሁሉ ባንዴ ሪኖርማላይዝ ስታደርጉ (የመስመር መጨረሻውን በአዲሱ ሕግ ስታስተካክሉ) ኮሚቱ ብዙ ፋይል ይነካል፣ በዛ ቀን ሌላ ሰው ያላስገባው ሥራ ካለው ኮንፍሊክት በኮንፍሊክት ነው የሚሆነው። እኛ ለሐያት ሳንነግራት አድርገነው የሁለት ቀን ሥራዋን በእጇ መስመር በመስመር ነው ያስገባችው፣ አኩርፋ ቡና እንኳን አልጠጣችም።

ጋሼ ያን ቻይንኛ የሆነውን ዝርዝር ፕሪንት አድርገው ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ጀማል የሚባለው ገበሬ በመጣ ቁጥር ያሳዩታል አሉ። እኔንም ሲደውሉ ድሮ አንተ ልጅ ነበር የሚሉኝ፣ አሁን «ቻይናው፣ እንዴት አደርክ» ሆኗል።