አሱን ቶሎ ጣልኩት

አንድ ካርታ ቸኩዬ በመጣሌ 450 ነጥብ አጣሁ። ሳምንት አልፎታል፤ ሳስበው ግን አሁንም ያበግነኛል።

ብሪጅ ነው፤ አራት ሰው ሁለት ለሁለት ተጣምሮ የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ። ውሉ ሦስት ኖ ትራምፕ (ሌላውን የሚበልጥ የካርታ ዓይነት የሌለበት) ነበር፤ ከ13ቱ ዙር 9ኙን መብላት አለብኝ ማለት ነው። በስተግራዬ ያለው ሰውዬ የሃርት ንጉሥ ጣለ። አጋሬ ደሚ ስለሆነች ካርታዋን ገልጣ ዘረጋች፤ የእሷንም የምጫወተው እኔ ነኝ። ሃርቷ 7 እና 3 ብቻ። ክለቧ ግን ሲያምር! አስ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10፣ 9። የስፔድና የዳይመንድ ንጉሥም አላት፤ አሶቻቸው እኔ ጋ ናቸው። እኔ የያዝኩት ሃርት አስ፣ 6 እና 4 ነው። ክለቤ ሦስት ትናንሽ።

እጄን በላኝ። ንጉሡን በአስ በላሁና መቁጠር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስፔድ 2፣ ዳይመንድ 2፣ ሃርት 1። ክለብ ደግሞ ንጉሡ ቢያመልጠኝ እንኳ 4። ዘጠኝ ሞላ! ደስ ብሎኝ ትንሽ ክለብ አወጣሁ፤ ግራ ያለው ትንሽ ሲጥል ከደሚ ንግሥቷን አስጣልኩ። ንጉሡ ግራ ያለው ጋ ይሆናል ብዬ የሞከርኩት ፊነስ ከሸፈ። በስተቀኜ ያለው በንጉሡ በላትና ሃርት መለሰ። የግራው አራት ሃርት አከታትሎ በላ። አምስት ዙር ሄደ፣ በአንድ ወደቅሁ። ቫልነረብል (ሲወድቁ ቅጣቱ የሚከብድበት) አልነበርንም፤ 400 ልናገኝ ስንችል 50 ከፈልን።

አጋሬ ካርታውን እየሰበሰበች «ክለቡን ማን እንደሚበላብህ አስበህ ነበር?» አለችኝ። አላሰብኩም። የቆጠርኩት የምበላውን ብቻ ነበር።

ነገሩ ግልጽ ነው። ፊነሱ ከከሸፈ የሚበላው የቀኙ ሰው ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ እሱ እጅ ላይ ሃርት መቅረት የለበትም። ለዚህ የሰባት ሕግ የሚባል አቋራጭ አለ። ከ7 ላይ የአንተንና የደሚን ሃርት ቀንስ፤ እኛ 5 አለን፣ 2 ይቀራል። ሁለት ዙር አስህን ሳትጥል አሳልፈህ ሦስተኛውን በአስ ብላ ነው። የእነሱ ስምንት ሃርት 5 ለ3 ተከፍሎ ነበርና በሦስተኛው ዙር የቀኙ ባዶውን ይቀራል። ክለቡን ቢበላም ወደ ጓደኛው መመለሻ የለውም።

4 ለ4 ቢሆንስ? ሦስት ሃርትና አንድ ክለብ ይበሉናል፣ ውሉ ይሞላል። ሳሳልፍ ወደ ስፔድ ወይም ወደ ዳይመንድ ቢዞሩስ? ይዙሩ፤ በሁለቱም አስና ንጉሥ አለን። ማሳለፉ ምንም አያስከፍለኝም ነበር። የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

አሁን ደሚ ሲዘረጋ ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አስቀምጣለሁ፤ እጄን አላምነውማ። ትናንት አንዱ ተጋጣሚ «ተኛህ እንዴ?» አለኝ። ቆጠራዬ ገና ዳይመንድ ላይ ነበር።