የደፈረሰው ናሙና

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1963 ከካምፓላ ወደ ለንደን ይበር የነበረ አውሮፕላን በጉም ምክንያት ማረፍ አቅቶት ወደ ማንቸስተር ሄደ። ከጭነቱ መካከል ከአንድ ኡጋንዳዊ ሕፃን የተወሰደ የዕጢ ቁራጭ ነበረበት። ናሙናው ለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሲገባ ቀኑ መሽቷል፤ ቁራጩ የተቀመጠበት ፈሳሽም ደፍርሷል።

ሕዋስ በማሳደግ ሥራ ላይ ለቆየ ሰው የደፈረሰ ፈሳሽ ማለት ባክቴሪያ የገባበት ፈሳሽ ነው። ሌላውን ሳይበክል ቶሎ ይወገዳል። ተመራማሪው አንቶኒ ኤፕስታይን ግን ከመድፋታቸው በፊት አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርገው በማይክሮስኮፕ አዩት። ባክቴሪያ የለም። ፈሳሹን ያደፈረሱት በጉዞው መናወጥ ከቁራጩ ጠርዝ የረገፉ፣ ተነጣጥለው የሚንሳፈፉ፣ በሕይወት ያሉ የካንሰር ሕዋሶች ነበሩ።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባው ከዚያ በፊት የነበረውን ልፋት ላወቀ ነው። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ዴኒስ በርኪት ከ1957 ጀምሮ ዛሬ በርኪት ሊምፎማ በሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ካንሰር መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን እየመዘገቡ፣ በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ እንደሚበዛ፣ በደጋው ግን እንደሌለ አስተዋሉ። ማርች 1961 በሚድልሴክስ ሆስፒታል ይህንን ሲያስረዱ ኤፕስታይን ከአድማጮቹ መካከል ነበሩ፤ ነፍሳት የሚያስተላልፉት ቫይረስ ይኖራል ብለው ገመቱ። ከዚያ በኋላ ከካምፓላ የሚላኩ ናሙናዎችን ከሁለት ዓመት በላይ ቢመረምሩም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምንም ቫይረስ አልታየም፤ ሕዋሶቹንም ማሳደግ አልተቻለም። በዚያን ጊዜ የተለመደው ዘዴ ሕዋሶች ከመስታወቱ ጋር ተጣብቀው እንዲያድጉ ማድረግ ነው። በዚህ ዘዴ የሚንሳፈፈው እንደ ሞተ ተቆጥሮ፣ ሚዲያ (ሕዋሶቹ የሚያድጉበት ምግብ ያለበት ፈሳሽ) ሲቀየር አብሮ ይደፋል። የሊምፎማ ሕዋስ ደግሞ በተፈጥሮው አይጣበቅም። እንግዲህ የሚፈለገው ነገር ከሚደፋው ጋር ይሄድ ነበር ማለት ነው። ከጉሙ ቀን በኋላ ግን ሕዋሶቹ እንደተንሳፈፉ እንዲያድጉ ተደረገ፣ አደጉም።

ዛሬም ናሙና ደፍርሶ ሲመጣ ማጣራቱ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቱቦውን ቀስ ብሎ አገላብጦ ማዋሃድ፣ በባዮሴፍቲ ካቢኔት (ብክለት እንዳይገባና እንዳይወጣ አየሩ የሚጣራበት የሥራ ሳጥን) ውስጥ ንጹሕ በሆነ ፒፔት 10 ማይክሮሊትር መውሰድ፣ ከእኩል መጠን 0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ ከሚባል ሰማያዊ ቀለም ጋር መቀላቀል፣ ከቨር ስሊፕ (ስስ የመስታወት ክዳን) ደርቦ መጀመሪያ 10 እጥፍ፣ ቀጥሎ 40 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ማየት። የሞተው ሕዋስ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው የሆነው ቀለሙን አያስገባም። መጠኑም ይናገራል፦ የሊምፎማ ሕዋስ ከ10 ማይክሮሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ነው፣ የተለመዱት ባክቴሪያዎች ግን ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ናቸው። ሁለተኛ ጠብታ ባክቴሪያን በቀለም ለሚያሳየው ለግራም ስቴይን ይቀመጥ፤ ሕያው ሕዋስና ባክቴሪያ አብረው የሚገኙበት ጊዜ አለና። ብዙዎች የሚሳሳቱት በሚዲያው ቀለም ነው። ፌኖል ሬድ (አሲድ ሲበዛ ቀለሙ የሚለወጥ ጠቋሚ) ያለበት ሚዲያ ወደ ቢጫ ሲቀየር «ተበክሏል» ይባላል፤ ነገር ግን በብዛት ያሉ ሕያው ሕዋሶችም አሲድ ስለሚያመነጩ ያንኑ ቢጫ ያመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ናሙናው በሕይወት መድረስ አለበት። ፎርማሊን የተባለው ማቆያ ኬሚካል ለፓቶሎጂ (በሽታን ከሥጋ ቁራጭ ለመለየት ለሚደረግ) ምርመራ ይሁን እንጂ ሕዋሱን ይገድላል፤ ስለዚህ ቁራጩ ገና ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ፎርማሊን ውስጥ፣ ሌላው አንቲባዮቲክ ያለበት ሚዲያ ውስጥ ይግባ። ሚዲያ ውስጥ ያለውን ፍሪዘር ውስጥ መክተትም ማበላሸት ነው፣ ያለ መከላከያ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው በረዶ ሕዋሱን ይሰነጥቀዋል። አንድ ልጅ ለናሙና ሲባል ሁለተኛ ጊዜ እንዲቀደድ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀላል ጥፋት ስለሆነ ነገሩን እንደ ትንሽ ማየት አይገባም።

ከዚያች የደፈረሰች ናሙና ያደጉት ሕዋሶች ኢቢ1 ተባሉ፣ በኤፕስታይንና በባልደረባቸው በኢቮን ባር ስም። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1964 ኤፕስታይን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ አንዱ ሕዋስ በሄርፒስ መሰል ቫይረስ፣ ዛሬ ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ በሚባለው፣ ተሞልቶ አገኙት። ጨረሩ ናሙናውን እንዳያቃጥልባቸው ፈርተው መሣሪያውን አጠፉ፤ ካፖርት እንኳ ሳይደርቡ በበረዶው ላይ ዞር ዞር ብለው፣ ልባቸው ረጋ ሲል ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ውጤቱ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ከበርት አቾንግና ከባር ጋር ማርች 28 ቀን 1964 በላንሴት መጽሔት ታተመ። ሰዎችን ያጠቃ ካንሰር ውስጥ የተገኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ነበር።

የመጀመሪያው ግምት ግን ሙሉ በሙሉ አልሰመረም። ይህን ቫይረስ የሚያስተላልፈው ምራቅ እንጂ ትንኝ አይደለም፤ በዓለም ላይ አብዛኛው አዋቂ ሰውም ተሸክሞት ይኖራል። በርኪት ያዩት የቆላና የደጋ ልዩነት የመጣው ከወባ ነው፦ ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት ደጋግሞ የተያዘ ሕፃን ቫይረሱን የሚቆጣጠርበት የመከላከያ አቅሙ ይዳከማል፣ ቫይረሱ ያለባቸው ቢ ሕዋሶች የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሶችም ይበዛሉ።