ለፕሪንተሩ የተያዘው አድራሻ

በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍሉ ፕሪንተር ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ከኔትወርኩ እየጠፋ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው እየተመለሰ አስቸግሮን ነበር። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ 192.168.1.50 የተባለውን የኔትወርክ (አይፒ) አድራሻ በፕሪንተሩ ላይ በእጄ ስሞላ፣ ቁጥሩ የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ፣ ማለትም ለኔትወርኩ መሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለው ኮምፒውተር፣ በራሱ ከሚያድላቸው መካከል መሆኑን አላየሁም፤ ሰርቨሩም ለአንድ ላፕቶፕ ሰጥቶት ኖሮ ሁለቱ በአንድ አድራሻ ይጋጩ ነበር።

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ተከታታይ ቁጥሮችን፣ ለምሳሌ ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.60 ያሉትን፣ ከእደላው ማግለል ነው። ሁለተኛውና እኔ የማዳላለት አድራሻውን በመሣሪያው ማክ አድራሻ (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ማስያዝ ሲሆን፣ ፕሪንተሩ እንደማንኛውም ኮምፒውተር አድራሻ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ምንጊዜም ያንኑ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) ቅንብር ቢለወጥም እየዞሩ እያንዳንዱን ፕሪንተር መነካካት ይቀራል። (ብዙ ፕሪንተሮች ለገመድና ለዋይፋይ የተለያየ ማክ አድራሻ አላቸውና የትኛውን እንደምትጽፉ አስተውሉ።) ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ራሱና ራውተሩ ግን በእጅ የተሞላ፣ ከእደላው የተገለለ ቋሚ አድራሻ ያስፈልጋቸዋል።

የሚያዘናጋው ነገር፣ ማግለል ቀድሞ የተሰጠን አድራሻ ከያዘው ኮምፒውተር ወዲያውኑ አለመንጠቁ ነው፤ በዊንዶውስ ሰርቨር የአድራሻ ውል፣ ማለትም አንድ መሣሪያ የተሰጠውን አድራሻ የሚይዝበት ጊዜ፣ ካልለወጡት በቀር፣ 8 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ፕሪንተሩ ያረፈው ላፕቶፑን አድራሻውን ካስለቀቅሁትና በሰርቨሩ ላይ የነበረውን የውል መዝገብ ከሰረዝሁ በኋላ ነው።